የጋሼ ካሴትና የልጅቷ ድምፅ (የአንባቢያን ጥያቄና መልስ)

ለዚህ ዕትም ከጅማ የደረሱን ሦስት ደብዳቤዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ተገናኝተው ስላገኘናቸው አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ጉዳዩም አንድ ድምፃዊ የተጫወተውን ዘፈን ሌላው ደግሞ ሲጫወተው፣ ባለሙያዎቹ «ከቨር» የሚሉት ማለት ነው፣ ሁለቱ ቅጂዎች እንዴት ይነጻጸራሉ የሚል ነው። የጸሐፊዎቹን ስም በራሳቸው ፍላጎት አላወጣንም።

ጥያቄ፦ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡና የምንጠጣው ታላቅ ወንድሜ ቤት ነው። ጋሼ የድሮ ካሴቶቻቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚጠብቁ ሰው ናቸው። በቅርቡ አንዲት ወጣት ድምፃዊት እሳቸው የሚወዱትን አንድ የቆየ ዘፈን በአዲስ ቅንብር ስለተጫወተችው በስልኬ አሰማኋቸው። ግማሹን እንኳ ሳይሰሙ «ነፍሱን አውጥታዋለች፤ ኦሪጂናሉ እኔ ዘንድ ነው» ብለው ካሴቱን ከፈቱ። እኔ ግን እውነቱን ለመናገር የልጅቷ በለጠብኝ። ኋላ የካሴቱን ሽፋን ሳነብ «በአዲስ ቅንብር» የሚል ጽሑፍ አገኘሁበት፤ ለካ የጋሼም ካሴት ድምፃዊው ራሱ ከዓመታት በኋላ ደግሞ ያስቀረጸው ኖሯል! ሁለት ቅጂዎችን ያለ አድልዎ ማነጻጸር የሚቻለው እንዴት ነው? ዘፈኑ ወንድ ለሴት የዘፈነው ስለ ነበር ልጅቷ አንዳንድ ስንኝ ለዋውጣለች፤ ይህስ ተገቢ ነው?
(ከፈረንጅ አራዳ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በእርስዎና በጋሼ መካከል ከመግባቴ በፊት «ኦሪጂናል» የሚለውን ቃል ጥቂት ማፍታታት ይኖርብኛል። በካሴት ሽፋን ላይ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር እየተባለ የየባለሙያው ስም ይጻፋል፤ ድምፃዊው ከእነዚህ ሌላ ነው። ዘፈኑ ወደ ሌላ ሰው ሲሻገር ግጥሙና ዜማው አብዛኛውን ጊዜ እንዳሉ ይሻገራሉ፤ የሚለወጡት ቅንብሩና ድምፁ ናቸው። እንግዲህ ጋሼ «ነፍሱ ወጣ» ሲሉ ያጡት ዜማውን ሳይሆን ምናልባት የሳክስፎኑን መልስ ወይም የከበሮውን አመታት ሊሆን ይችላል። የጎደለባቸውን ነገር በስሙ ቢጠሩት ክርክራችሁ ብዙ ይቀል ነበር።

በአገራችን ደግሞ የመጀመሪያው ቀረጻ የዘፈኑ መጀመሪያ ያልሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 በግሉ ሸክላ ማሳተም እስኪጀምር ድረስ ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር፤ የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ድምፃውያን ግን ያን ጊዜ በመድረክና በሬዲዮ ሲዘፍኑ ዓመታት አልፈዋቸው ነበር። በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው ትንሹ ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ከ5 ደቂቃ እምብዛም ስለማይበልጥ፣ በመድረክ ላይ ታዳሚው እስኪጠግብ የተዘፈነ ዜማ ወይ ተቆርጦ ወይ በሁለቱ ገጾች ተከፍሎ ይታተም ነበር። ስለዚህ ሸክላውም ቢሆን ዘፈኑ ካለፈባቸው መልኮች አንዱ እንጂ ምንጩ ነው ብሎ መማል ያስቸግራል። ጋሼ «ኦሪጂናል» የሚሉት መጀመሪያ የሰሙትን ነው። ይህ ነውር የለበትም፤ እኔም ከእሳቸው የተሻልኩ አይደለሁም። በልጅነቴ ሄርማታ መርካቶ አካባቢ ባዶ ካሴት ይዘን ሄደን የመረጥነውን ዘፈን እናስቀዳ ነበር፤ ከእነዚያ አንዱ ላይ የካሴቱ ገጽ ስላለቀ ዘፈኑ መጨረሻ ሳይደርስ ተቆርጦብኝ ቀረ። ከብዙ ዓመት በኋላ ሙሉውን ስሰማው የመጨረሻው ስንኝ ሳይጠራ የመጣ እንግዳ መሰለኝ፤ እስከ ዛሬም አልለመድኩትም።

ወደ ማነጻጸሩ ስንገባ አስቀድመው ሁለት ነገሮችን ያስተካክሉ። የመጀመሪያው የድምፁ መጠን ነው። አዳዲስ ቅጂዎች ጎላ ተደርገው ስለሚዘጋጁ፣ ጆሮም ጎላ ያለውን የተሻለ ስለሚያደርገው፣ የስልኩን ድምፅ ቀንሰው ከካሴቱ ጋር እኩል ያድርጉት፤ የልጅቷ ብልጫ በዚህ ብቻ ጥቂት ሊቀንስ ይችላል። ሁለተኛው ፍጥነት ነው። ካሴት በሴኮንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር እየተጓዘ እንዲጫወት የተሠራ ነው፤ በአሮጌ ቴፕ ውስጥ ያለው ጎማ ሲላላ ግን ጉዞው ይዘገያል፣ ድምፁም ይወፍራል። የፍጥነት ልዩነቱ 6 በመቶ ከደረሰ ዜማው በግማሽ ድምፅ (በኪቦርድ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ባለው ርቀት) ይንሸራተታል፤ የ5 ደቂቃ ዘፈንም 17 ሴኮንድ ያህል ይረዝማል ወይም ያጥራል። የጋሼ ድምፃዊ ከልጅቷ ይልቅ ሰከን ብሎ፣ ድምፁም ወፈር ብሎ የሚሰማው የቴፑ ጎማ ስለላላ እንዳይሆን በመጀመሪያ ይመርመር። ይህን ለእሳቸው ሲነግሯቸው ቡናው ሦስተኛ ላይ ከደረሰ በኋላ ቢሆን ይመረጣል።

አሁን ወደ ስንኙ እንምጣ፤ ከጥያቄዎ ሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ነው። አማርኛ ሲያናግር ጾታ ይለያል። ወንድ ለሴት የዘፈነውን ሴት ለወንድ ልትዘፍነው ስትነሣ «አንቺ» «አንተ» ይሆናል፣ ከእሱም ጋር ግሱ ሁሉ ይለወጣል። ሁለቱም ስንኞች በግስ ካለቁ ችግር የለም፤ «መጣሽ» እና «ወጣሽ» አብረው «መጣህ» እና «ወጣህ» ይሆናሉ፣ ቤቱም ይመታል። አንዱ ስንኝ በስም ሲያልቅ ግን ጣጣ ይመጣል። ለምሳሌ እንዲሆነን እኔው የደረደርኳትን ይህቺን ስንኝ ይመልከቱ፦

ዝናብ ሳያባራ ደረሰ አመሻሽ፣
ቡናው ፈልቶ ቆየ ምነው ዛሬ ቀረሽ።

ሴት ልትዘፍነው ብላ «ምነው ዛሬ ቀረህ» ስትለው «አመሻሽ» ያለ ጓደኛ ይቀራል፤ ስንኙም ቤት አይመታም። አሁን ድምፃዊቷ ከጥቂት መንገዶች አንዱን መምረጥ አለባት። ወይ የፊተኛውን ስንኝ አፍርሳ ሌላ ታስገጥማለች፤ ይህ የግጥም ችሎታ ይጠይቃል፣ የግጥሙን ደራሲ ፈቃድም ይጠይቃል። ወይ ቤት ባይመታም ግድ የለም ብላ ታልፈዋለች፤ ብዙዎቹ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፣ እኔም ጥርሴን ነክሼ ነው የምሰማው። አለበለዚያ ደግሞ «አንቺ»ን እንዳለ ትዘፍነዋለች። ይህ የመጨረሻው ለአንዳንድ ሰው እንግዳ ቢመስልም ከባህላችን የወጣ አይደለም። አዝማሪ ከታዳሚው መካከል «ተቀበል!» እየተባለ የሚሰጠውን ግጥም፣ የወንድ ይሁን የሴት፣ የወዳጅ ይሁን የተቀየመ፣ ተቀብሎ ሲያዜም ኖሯል፤ የስንኙ ባለቤት እሱ ነው ብሎ የሚጠረጥረው የለም። እንደ እኔ ከሆነ፣ ስንኙን አሳምራ የምታድስ ካልሆነች፣ ቤት ከሚፈርስ «አንቺ» ባለበት ቢቀር ይሻላል። ስለዚህ የልጅቷን ቅጂ ደግመው ሲሰሙ ድምፅዋን ለጊዜው ይተዉትና የለወጠቻቸውን ስንኞች ብቻ እየለቀሙ ይጻፏቸው፤ ቤት መትተው ከተገኙ ከቅንብሩ በፊት ግጥሙ ላይ የደከመ ሰው አለ ማለት ነው።

የእኛ ከተማ ሰው ይህን ልዩነት ከማንም ይበልጥ ሊያስተውለው ይችላል፤ በአንድ ገበያ ሁለቱንም ቋንቋ የሚሰማ ነውና። በአፋን ኦሮሞ «አቲ» ለወንድም ለሴትም ነው፤ ግሱም ለሁለቱ አንድ ነው። ወንድ «አቲ» እያለ የዘፈነውን ዜማ ሴት አንድ ቃል ሳትነካ ልትወስደው ትችላለች። ያንኑ ዘፈን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ግን ደራሲው ክፍት የተወውን በር ከፍቶ ወይም ዘግቶ ማለፍ ግድ ይሆንበታል፤ «አንተ» ወይም «አንቺ» ማለት አለበትና።

እንግሊዝኛም በዚህ ረገድ ወደ አፋን ኦሮሞ ይጠጋል። ኦቲስ ሬዲንግ እ.ኤ.አ. በ1965 «ሪስፔክት» ብሎ የተጫወተው ዘፈን ሠርቶ ወደ ቤቱ የሚገባ ወንድ ከሴቲቱ አክብሮት ሲጠይቅ የሚሰማበት ነው። አሬታ ፍራንክሊን በ1967 ስትዘፍነው ለወንድም ለሴትም የሚሆነውን «ዩ» የሚለውን ቃል መለወጥ አላስፈለጋትም፤ ጠያቂዋ ሴት፣ ተጠያቂው ወንድ ስለ ሆኑ ብቻ ልመናው ወደ ትእዛዝ ተለወጠ። በዚያ ላይ የቃሉን ፊደላት አንድ በአንድ እየጠራች የምትዘፍነውን ክፍል ጨመረችበት፤ ይህ በኦቲስ ቅጂ ውስጥ የለም፣ ዛሬ ግን ዘፈኑ ሲነሣ ሰው መጀመሪያ የሚያስታውሰው እሱን ነው። አማርኛ ዘፋኝ እንዲህ ያለ ዕድል በነጻ አያገኝም፤ ቋንቋው አፉን ከፍቶ ሳይጨርስ ማን ለማን እንደሚዘፍን ይናገርበታል። ጋሼ የልጅቷን ቅጂ እንደ ድጋሚ ብቻ ከሚሰሙት፣ ቀድሞ ዝም ብላ ስትዘፈንላት የነበረችው ሴት አሁን መልስ እንደሰጠች አድርገው ቢሰሙት ምን እንደሚሉ ይጠይቁልኝ። አሁንም «የእኔ ይሻላል» ካሉ መብታቸው ነው፤ ግን «ሁለተኛው ቀረጻ ይሻላል» ይበሉ፣ ሽፋኑ የሚለው እንደዚያ ነውና።

ጥያቄ፦ ትዝታን ያልዘፈነ ድምፃዊ የለም ማለት ይቻላል። ኦሪጂናሉ የማን ነው? የቀሩትስ ሁሉ ከቨር ሊባሉ ነው?
(ከጅሬን)

መልስ፦ አይባሉም። ትዝታ የቅኝትም የዘፈንም ስም ነው። ቅኝቱ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር የሚቆጠር፣ በ5 ድምፆች የተዋቀረ ነው፤ ዘፈኑ ደግሞ በዚያ ቅኝት ላይ እያንዳንዱ ድምፃዊ የራሱን ናፍቆት በራሱ ስንኝ የሚደረድርበት ሜዳ ነው። የማህሙድ አህመድን ትዝታ ከበዛወርቅ አስፋው ትዝታ ጎን አስቀምጦ «የትኛው ከየትኛው ተቀዳ» ብሎ መጠየቅ፣ የሁለት ሰዎችን ለቅሶ ሰምቶ የትኛው ኦሪጂናል ነው እንደማለት ነው። ጌታቸው ካሳማ ትዝታን አንድ ጊዜ በዝግታ፣ አንድ ጊዜ በፈጣን ምት አስቀርጾታል፤ ከሁለቱ አንዱን የሌላው ከቨር የሚል ሰው አላጋጠመኝም።

ለጅማ አንባቢ ቅርብ የሆነ ምሳሌ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1943 በዚችው በጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ በመሣሪያ ብቻ ከተጫወታቸው ሥራዎች አንዱ «የግሌ ትዝታ» ይባላል። ስሙ ራሱ የጥያቄዎ መልስ ይመስለኛል፤ ትዝታ የሁሉም ሲሆን ይሄኛው የግሌ ነው ይላል። ራፐሩ ናስና የሬጌው ድምፃዊ ዴሚያን ማርሊ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት አንድ ዘፈን ውስጥ ከዚሁ ቀረጻ ቆርጠው ተጠቅመዋል። ይህም ቢሆን ከቨር አይደለም፤ ከቨር ዘፈኑን እንደገና መጫወት ነው፣ እነሱ ግን የሙላቱን ቀረጻ ራሱን ወስደው በላዩ ላይ ራፕ አድርገውበታል። ባለሙያዎቹ ሳምፕል የሚሉት ይህንን ነው።

ጥያቄ፦ አጂፕ አካባቢ በሚገኝ አንድ ሆቴል ማታ ማታ ኪቦርድ እየተጫወትኩ እዘፍናለሁ። ቅንብሩን ጥቂት ስለውጥ ታዳሚው «እንደ ካሴቱ!» እያለ ይጮኻል፤ እንደ ካሴቱ ስጫወት ደግሞ ጓደኞቼ «ፎቶ ኮፒ» ይሉኛል። ከእነዚሁ ዘፈኖች ሦስቱን ቀርጬ በዩቲዩብ ልለቅቅም አስቤአለሁ። ምን ያህል ብለውጥ ነው የራሴ የሚሆነው? ፈቃድስ ያስፈልገኛል?
(ከአጂፕ)

መልስ፦ «ምን ያህል» የሚለውን መስፈሪያ ይተዉት፤ ብዙ መለወጥ የራስ አያደርግም። ዶሊ ፓርተን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጣችውን «አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ» ዊትኒ ሂውስተን በ1992 ስትጫወተው ዜማውን አልነካችውም። የመጀመሪያዎቹን ስንኞች ያለ ምንም መሣሪያ ለብቻዋ አዜመች፤ ወደ መጨረሻው ላይ ሙዚቃው ለቅጽበት ጸጥ ካለ በኋላ በአንድ የከበሮ ምት ቁልፉ፣ ማለትም ዘፈኑ የሚዜምበት የድምፅ ከፍታ፣ ከፍ አለና የመጨረሻውን አዝማች በሙሉ ድምፅዋ ለቀቀችው። የቅንብሩ ውሳኔ ባጭሩ ይኸው ነው፤ ዘፈኑ ግን በአሜሪካ የደረጃ ሰንጠረዥ ላይ 14 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ዶሊ የጻፈችው አብራው ትሠራ ከነበረው ከፖርተር ዋግነር ስትለይ ነበር፤ በእሷ ድምፅ ዘፈኑ ዝግ ያለ፣ እጅ ጨብጦ የመሰናበት ያህል ነው። የዊትኒን ከሰሙ በኋላ ወደ ዶሊ የሚመለሱ ሰዎች «ባዶ ነው» ሲሉ እሰማለሁ፤ እኔ ግን ሳይጮኹ መለየት የበለጠ ይከብዳል ባይ ነኝና ማታ ብቻዬን ስሆን የምከፍተው የዶሊን ነው።

እርስዎም በአንድ ዘፈን አንድ ውሳኔ ይወስኑ። ከበሮውን ማስወጣት ይሁን፣ ምቱን ማዝገም ይሁን፣ ወይም ሳክስፎኑ የሚጫወተውን በክራር ድምፅ መመለስ ይሁን፣ ለዚያ ለግጥሙ የሚሆነውን ይምረጡ። ኪቦርድዎ 200 ዓይነት ድምፅ ስላለው ብቻ በአንድ ምሽት ሁሉንም ማሰማት አይጠበቅብዎትም።

ስለ ፈቃዱ ደግሞ መልሱ አዎ፣ ያስፈልግዎታል ነው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 872/2007 በተሻሻለው መሠረት፣ ሥራውን ማባዛት፣ መለወጥና ለሕዝብ ማቅረብ የሥራ አመንጪው መብት ነው፤ መብቱም በሕይወት ሳለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማንን እንደሚጠይቅ ነው። በሽፋኑ ላይ ጎልቶ የሚታየው የድምፃዊው ስም ቢሆንም፣ እርስዎ የእሱን ቀረጻ ሳይሆን ዜማውንና ግጥሙን ስለሚወስዱ የሚጠይቁት የዜማውንና የግጥሙን ደራሲዎች፣ በሕይወት ከሌሉም ወራሾቻቸውን ነው። ድምፃዊው ራሱ ደራሲው ከሆነ እሰየው፣ ድካምዎ ይቀልልዎታል። ፈቃዱን በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ስንኝ የሚለውጡ ከሆነም የሚለውጡትን ስንኝ እዚያው ወረቀት ላይ ያስፍሩት። ደራሲዎች ለዚህ መብት ምን ያህል እንደሚጠነቀቁ ለማየት የዶሊ ነገር ይጠቅማል፤ ኤልቪስ ፕሪስሊ ያንኑ ዘፈን ሊጫወተው ፈልጎ ሳለ የእሱ ወገኖች የባለቤትነቱን ግማሽ ስለጠየቁ እያዘነች እምቢ አለች። ከዓመታት በኋላ የዊትኒ ቅጂ ዓለምን ሲያዳርስ የባለቤትነቱ ገቢ ግማሹ ሳይቀነስ ወደ እሷ የሄደው በዚያ እምቢታ ምክንያት ነው።

«እንደ ካሴቱ!» ለሚለው ታዳሚ ግን መላ አለው። ሰው ዘፈኑን የሚለየው በመግቢያው ሙዚቃ ነው፤ ስለዚህ መግቢያውን አንድ ኖታ ሳያዛንፉ እንደ ካሴቱ ይጫወቱለት። ታዳሚው አጨብጭቦ፣ የእኔ ነው ብሎ ከተረጋጋ በኋላ፣ ከሁለተኛው አዝማች ጀምረው ወደ ራስዎ ቅንብር ይግቡ። ጓደኞችዎን ደግሞ ከሁለተኛው አዝማች በፊት እንዳይወጡ ይንገሯቸው።